ለጥርስ ሲባል ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ማቋረጥ

«ጥርሴን ላስነቅል ነው፤ ዋርፋሪኑን ስንት ቀን ላቁም?»

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጥርሱን ሲያመው ቶሎ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ማቆም የግድ ነው ብሎ ተነስቷል። የቀረው የቀኑ ቁጥር ብቻ ነው። መልስም አይጠፋም። ጎረቤት «አምስት ቀን» ይላል። ሌላው «ሦስት ቀን ይበቃል» ይላል። «አቁመህ ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ብሎ የሚሸኝ የጥርስ ክሊኒክም አለ።

ሕክምናው ዛሬ የደረሰበት መልስ ሌላ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ በተለመደው መንገድ ለማስነቀል፣ አብዛኛው ሰው ዋርፋሪኑን ማቆም አያስፈልገውም። አስፕሪንም ቢሆን እንደዚያው። ማቆም አንዳንዴ ከመድማቱ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ጉዳቱ ደግሞ ደም ረግቶ ሽባ መሆን ወይም ሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ቀላል በሚመስል ውሳኔ ሰው መጎዳቱ ስለሚያሳዝነኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። ጥርስ ሲነቀል ደም ይታያል። ደሙ ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከሆነው በላይ ብዙ ይመስላል። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደም ትራሱን ሁሉ ሊያቀላው ይችላል። ጥርስ ሐኪሙም የሚሰጋው ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ መሽቶ፣ ደሙ አልቆም ቢለው ነው። በሌላ በኩል፣ መድኃኒቱን አቁሞ ከሳምንት በኋላ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው የሚሄደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ወደ ጥርስ ክሊኒኩ አይመለስም። ስለዚህ ጥርስ ሐኪሙ መድማቱን በዓይኑ ያያል፤ ማቋረጡ ያመጣውን ጉዳት ግን የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ሚዛኑ ለረጅም ዓመታት ወደ አንድ ወገን ያጋደለው በዚህ ይመስለኛል።

መድኃኒቶቹ በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። አስፕሪንና ክሎፒዶግረል ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ዋርፋሪን እና በቅርብ ዓመታት የመጡት እነ አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባንና ዳቢጋትራን ደግሞ ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ሥራ ይገታሉ። አፒክሳባንን ብዙ ሰው በገበያ ስሙ ኤሊኩዊስ፣ ሪቫሮክሳባንን ደግሞ ዛሬልቶ ብሎ ያውቀዋል። የትኛውን እንደሚወስዱ ማወቅ ቁልፍ ነው፤ ጥርስ ሲነቀል የሚደረገው ጥንቃቄ እንደ መድኃኒቱ ይለያያልና።

በዋርፋሪን እንጀምር፤ አገር ቤት በብዛት ያለው እሱ ነው። ታሪኩ ከከብቶች ይነሳል። በ1920ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በካናዳ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ከዚያ ሥራ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ኢንተርኔት ላይ «የአይጥ መርዝ ነው» የሚል አንብቦ መድኃኒቱን መዋጥ የፈራ ሰው ካለ አይደንግጥ። ልዩነቱ ያለው መጠኑና ክትትሉ ላይ ነው። በልኩ ሲወሰድ ስንቱን ከስትሮክ ያተረፈ መድኃኒት ነው።

ጉበታችን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያቀዘቅዛል። ለዚህም ነው ዛሬ የተዋጠው ኪኒን ሙሉ ውጤቱ ከቀናት በኋላ የሚታየው። ሲቆምም ኃይሉ የሚያልቀው ቀስ እያለ ነው፤ አራት አምስት ቀን ይወስዳል። እንደገና ሲጀመር ወደነበረበት ለመድረስ ሌላ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ «አምስት ቀን አቁም» የሚለው ምክር በተግባር ከሳምንት በላይ በቂ ጥበቃ ሳይኖር መሰንበት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ኪኒኑን በጀመረ ማግስት ጥበቃው የተመለሰለት ይመስለዋል።

ማይክል ዋል የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1998 እና በ2000 ባሳተማቸው ጽሑፎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ዋርፋሪን ሳያቆሙ ከ2,400 በላይ የጥርስ ሕክምና ከተደረገላቸው ከ950 በላይ ሰዎች መካከል፣ እዚያው አፍ ውስጥ በሚደረግ እርዳታ ያልቆመ መድማት የገጠማቸው 12 ብቻ ነበሩ። ለጥርስ ብለው መድኃኒቱን ካቋረጡት 500 ገደማ ሰዎች ውስጥ ደግሞ 5ቱ ላይ ከባድ የደም መርጋት አደጋ ደረሰ። 4ቱ ሞቱ። በመቶኛ ካየነው ሁለቱም ትንሽ ናቸው። ነገር ግን በአንዱ በኩል ያለው በሐኪም እጅ ሊቆም የሚችል መድማት ነው። በሌላው በኩል ያለው ሬሳ ነው። ድድ በጣት ሊጫኑት፣ ሊሰፉት የሚቻል ቦታ ነው። አንጎል ውስጥ የተሰነቀረን የረጋ ደም ግን በጎዝ አይጫኑትም።

እኛ አገር ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት

በአውሮፓና በአሜሪካ ደም ማቅጠኛ የሚወስደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። መነሻው በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። በወጉ ያልታከመ ቶንሲል የሪህ ትኩሳት ያመጣል፤ ትኩሳቱ ሲመላለስ የልብ ቫልቭ ይጎዳል። ከእነዚህ ልጆች ዕድል የቀናቸው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል፣ ከውጭ በሚመጡ የሕክምና ቡድኖች፣ ወይም ሕንድና እስራኤል ሄደው ቫልቫቸው ተቀይሯል። ቫልቩ ብረት ከሆነ ዋርፋሪን የዕድሜ ልክ ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ለእነዚህ ሕሙማን አልሆኑም። ዳቢጋትራን የብረት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ የደም መርጋትም መድማትም ስለበዛ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ውጤቱ በ2013 ታትሟል። በ2022 ደግሞ ኢንቪክተስ የተባለው ትልቅ ጥናት ወጣ። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የሚኖሩ፣ ከሪህ ትኩሳት የመጣ የልብ ሕመምና የተዛባ የልብ ምት ያለባቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት ነበራቸው። ስለዚህ ዋርፋሪን ዕድሜው ቢገፋም ለእነዚህ ሰዎች የሚተካው አልተገኘም።

ማቋረጥ እጅግ የሚያሰጋውም እነሱን ነው። በብረት ቫልቭ ላይ ደም ከረጋ ቫልቩ መከፈትና መዘጋት ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አስቸኳይ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ለመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ስንት ዓመት ወረፋ እንደተጠበቀ ቤተሰቡ ያውቀዋል። ሁለተኛውን በአንድ ሌሊት ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሁሉ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ያውቀዋል። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ይሆናል። ለብዙው ታካሚ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። በልብ የግራ በኩል ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው፣ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ በብረት ለተቀየረለት ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ይሆናል። በ2015 ወጥቶ በ2022 የተሻሻለው የስኮትላንድ የጥርስ ሕክምና መመሪያ ቁርጥ ያለ ነገር ይላል። አይኤንአር ከ4 በታች ከሆነ ዋርፋሪን ሳይቆም ጥርስ ይነቀላል። ምርመራው ከነቀላው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ የተረጋጋ ለሆነ ሰው እስከ 72 ሰዓት ይፈቀዳል። 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነቀላው ይዘገያል፣ ሰውየውም ወደሚከታተለው ሐኪም ይላካል። መጠኑን የሚያስተካክለው የሚከታተለው ሐኪም ነው። ጥርስ ሐኪሙም፣ ታካሚው ራሱም ይህን መንካት የለባቸውም።

እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። «ባለፈው ወር 2.6 ነበርኩ» ብሎ የሚመጣ ሰው የዛሬው ቁጥሩ እሱ ላይሆን ይችላል። ጥርስ ያመመው ሰው ምን ሲያደርግ እንደሰነበተ አስቡት። ማኘክ ስላቃተው ለቀናት አጥሚትና ሻይ ብቻ ሲቀምስ ከርሟል። ሕመሙን ለማስታገስ ዲክሎፍናክ ውጧል። ምናልባትም ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ገዝቷል። ምግብ መቀነስም፣ አንቲባዮቲክም አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ። ዲክሎፍናክ ደግሞ በራሱ መንገድ መድማትን ያባብሳል። በተቃራኒው በጾም ወቅት ጎመን ከወትሮው ሲበዛ፣ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ጎመን አትብሉ እያልኩ አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት የማይዋዥቅ ይሁን፤ ሁዳዴ ሲገባና ሲወጣ ምርመራ ቢታከል ጥሩ ነው። ለነቀላ ሲሆን ግን አዲስ ቁጥር የግድ ነው።

ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ይህን እንዴት ያድርገው? አይኤንአር የሚሠራ ላብራቶሪ በየወረዳው የለም። አንድ ቦታ ደም ሰጥቶ፣ ውጤት ጠብቆ፣ ሌላ ከተማ ለጥርስ ቀጠሮ ሲይዝ 72 ሰዓቱ ያልፋል። የሚያዋጣው ጥርሱን የክትትል ቀጠሮው ባለበት ከተማ፣ ምርመራው በተሠራ ማግስት ማስነቀል ነው። ለዚህ የልብ ክሊኒኩና የጥርስ ክፍሉ በስልክም ቢሆን መነጋገር አለባቸው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ እያሉ ታካሚው ወረቀት ተሸክሞ በመካከላቸው ሲመላለስ ማየት ያሳዝናል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ አይኤንአር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ አለ። የጥርስ ክፍሎች ሊኖራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ወንበሩ ላይ

ቁጥሩ ተስማሚ ከሆነ የቀረው የሐኪሙ እጅ ሥራ ነው። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን፣ ከሳምንቱም መጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመረጡ ይሻላል። ደሙ ቢያስቸግር ሐኪሙን በሥራ ሰዓት ለማግኘት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተነቅሎ ቅዳሜ ማታ ደም የሚተፋ ሰው ማንን ያገኛል? የሚነቀሉት ጥርሶች ብዙ ከሆኑ በአንድ ቀን አይጨረሱም። ከሦስት በላይ በአንዴ መንቀል፣ ድድ ከፍቶ አጥንት መቦርቦር የሚጠይቅ የመንጋጋ ጥርስ ማውጣት፣ ጥርስ መትከል፣ እነዚህ ከፍ ያለ የመድማት ስጋት ካላቸው ሥራዎች ይመደባሉ። ተከፋፍለው ቢሠሩ፣ ወይም ሆስፒታል ቢሄዱ ይመረጣል።

ማደንዘዣው አድሬናሊን ያለው ከሆነ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ይረዳል፤ በእርግጥ የታካሚው የልብ ሁኔታ ታይቶ ነው። ጥርሱ ድዱን ሳይቀድ፣ አጥንቱን ሳይሰብር ቀስ ተብሎ ይወጣል። የታመመ፣ ያበጠ ሥጋ ብዙ ስለሚደማ ጉድጓዱ ይጸዳል። ከዚያ ደም የሚያረጋ ስፖንጅ ወይም የሴሉሎስ ጨርቅ ውስጡ ይገባል፤ ድዱ በክር ይሰፋል። በላዩ ላይ የረጠበ ጎዝ ተደርጎ ታካሚው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ደሙ መቆሙ ሳይረጋገጥ ማንም ከክሊኒኩ መውጣት የለበትም። ስፖንጁ ባይገኝ እንኳ ስፌትና ጎዝ በየትኛውም ክሊኒክ አለ። የጥርስ ሐኪሞችን አጥብቄ የምለምነው ስፌቱን እንዳይተዉ ነው። አንድ ሁለት ክር ለመስፋት የሚወስደው ደቂቃ ታካሚውን ከእንቅልፍ አልባ ሌሊት ያድነዋል።

ሌላ ጠቃሚ መድኃኒት ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። በ1962 ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ሾሱኬ ኦካሞቶ በጃፓን ያገኙት ነው። የረጋው የደም ጓል እንዳይሟሟ ያደርጋል። አገራችን ውስጥ ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶች በመርፌ ስለሚሰጥ የጤና ባለሙያው በደንብ ያውቀዋል። ለጥርስ ግን በአፍ መጉመጥመጫ መልክ ነው የሚሰጠው፤ የተለመደው 5 በመቶ የሆነውን 10 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ መጉመጥመጥ ነው። መጉመጥመጫው ከሌለ ሐኪሞች የመርፌውን ፈሳሽ ጎዝ ላይ አድርገው ታካሚውን ያስነክሱታል። እርካሽ፣ ቀላል፣ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ከነቀላው በኋላ የሚታዘዘው ወረቀት

ከሁሉ በላይ ሊነገርበት የሚገባው፣ ግን የሚዘነጋው ይህ ነው። ጥርሱ በሰላም ተነቀለ። ደሙ ቆመ። ታካሚው ሲወጣ ማዘዣ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚኖረው አሞክሳሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው። ለሌላ ሰው ይህ የተለመደ ማዘዣ ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ግን ከነቀላው ይልቅ አደገኛው ይህ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ሜትሮኒዳዞልን ብዙ ሰው ፍላጂል በሚለው ስም ያውቀዋል። ጉበት ዋርፋሪንን ከሰውነት የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል። ዋርፋሪኑ ይጠራቀማል። 2.5 የነበረው አይኤንአር በቀናት ውስጥ ከልክ በላይ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደማው ድድ ብቻ አይደለም። ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት፣ አንጎል ሊደማ ይችላል። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮችም ይህን ጠባይ ይጋራሉ። ለአፍ ፈንገስ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞልም እንደዚሁ። አፍ ውስጥ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄል ሳይቀር ዋርፋሪንን ከፍ ያደርጋል። «ቅባት ነው፣ ምን ያደርጋል?» ተብሎ የሚናቅ መድኃኒት ብዙ ሰው ሆስፒታል አስተኝቷል።

ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ፕሌትሌቶችን ያዳክማሉ፣ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ የጨጓራ መድማት ይመጣል። የዲክሎፍናክ መርፌ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራል፤ መቀመጫ ጡንቻ ላይ ሲወጋ እዚያው ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ለጥርስ ሕመም መርፌ መወጋት እኛ ዘንድ የተለመደ ነውና ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ መርፌው ሳይቀዳ ተናገሩ። የሪህ ትኩሳት እንዳይመለስ በየወሩ ወይም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ግን ከዚህ ጋር አይምታታ። እሱ የልብ ሐኪሙ ያዘዘውና በእሱ ክትትል የሚቀጥል ነው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለሁለት ሦስት ቀን በተለመደው መጠን መውሰድ አያሰጋም፤ ሙሉ መጠኑን ለሳምንት መቀጠል ግን አይኤንአርን ትንሽ ሊያነሳው ይችላል። አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ ንጹሕ ነቀላ ብዙ ጊዜ ጭራሹን አያስፈልገውም። የተስፋፋ ኢንፌክሽን ኖሮ የግድ ከሆነም አሞክሳሲሊን ከሜትሮኒዳዞል ይሻላል። ያም ቢሆን ከጀመሩ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ አይኤንአር ይታይ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ለይቼ ላንሳ። የተቀየረ ቫልቭ ያለው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የሚወስደው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አለ። ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሌላ ይታዘዝለታል። ዓላማው ከአፍ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ እንዳይሰፍር ነው። ይህ መቅረት የለበትም። ከነቀላው በኋላ በልማድ ከሚታዘዘው የሳምንት አንቲባዮቲክ ጋር አንድ አይደለም።

አዲሶቹ መድኃኒቶችና የልብ ስቴንት

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይ ወላጆች፣ በአብዛኛው የሚወስዱት እነ ኤሊኩዊስንና ዛሬልቶን ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ አገር ቤት ሲመጡ ጥርሳቸውን እዚህ ያሠራሉ፤ ውጭ ዋጋው አይቀመስምና። ጥርስ ሐኪሙ «ዋርፋሪን ትወስጃለሽ?» ሲላቸው «አይ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። የኪኒኑን ካርቶን ይዞ መሄድ ከዚህ ያድናል።

እነዚህ መድኃኒቶች ከዋርፋሪን በተለየ ቶሎ ይሠራሉ፣ ቶሎም ይወጣሉ። አይኤንአርም አይለካቸውም፤ በእነሱ ላይ ቁጥሩ ደህና ቢመስል ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። የስኮትላንዱ መመሪያ እንደሚለው ለቀላል ነቀላ ሳይቆሙ ይሠራል። ሥራው ከበድ ያለ ከሆነ ብቻ የዚያን ቀን የጠዋቱ መጠን ይነካል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱት አፒክሳባንና ዳቢጋትራን የጠዋቱ ይቀርና የማታው በሰዓቱ ይወሰዳል። በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት የሚወሰደው ሪቫሮክሳባን ደሙ ከቆመ ከአራት ሰዓት በኋላ ወደሚሆን ጊዜ ይገፋል። ይኸው ነው። አንድ መጠን እንጂ ሳምንት አይደለም። ዳቢጋትራን በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ትራኔክሳሚክ አሲድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2021 የታተመ የቤልጂየም ጥናት መርምሮ ነበር። አጠቃላዩን መድማት አልቀነሰም፤ ከቀናት በኋላ ዘግይቶ የሚመጣውን ግን ቀንሷል።

ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ የገባለት ሰው አስፕሪንና ክሎፒዶግረልን አብሮ ይወስዳል። በ2007 የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው በጋራ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ሁለቱን ከጊዜው በፊት ማቋረጥ ስቴንቱን በደም ጓል ይዘጋዋል፤ ውጤቱ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ሞት ነው። ስለዚህ ጥርስ ሲነቀል አይቆሙም። ደሙ ትንሽ ይቆያል፣ ጎዙ ረዘም ላለ ጊዜ ይነከሳል። ጥርሱ የማያስቸኩል ከሆነ ሁለቱን አብሮ የመውሰጃው ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅም ይቻላል። እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶ ለጥቂት ወራት ብቻ ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰውም እንዲሁ ይጠብቅ።

ቤት ከገቡ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያ ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ሳይነካ የሚቆይባቸው ናቸው። ሐኪሙ ካዘዘው መጉመጥመጫ በቀር አፍን መጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ መትፋት፣ በስትሮ መጠጣት ያነቅለዋል። የጨው ውሃ ጥሩ ነው፤ ግን በማግሥቱ። ትኩስ ቡናና ትኩስ ሻይ ለዚያን ቀን ይቅር። ሲጋራ፣ ጫትና አልኮልም ይቅሩ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል ቁስሉ ውስጥ መጠቅጠቅ ሁለት ጉዳት አለው፤ ጓሉን ያወጣል፣ ቆሻሻ ያስገባል። ሲተኙ ራስን ከፍ ማድረግ ይረዳል። የደም ማቅጠኛው ኪኒን እንደታዘዘው ይቀጥላል።

ምራቁ ለአንድ ቀን ሮዝ ቢመስል አያስደነግጥ። ደም እንደገና ከጀመረ ንጹሕ ጎዝ፣ ካልተገኘ ንጹሕ የረጠበ መሐረብ አጥፎ ቀዳዳው ላይ ማድረግና ቀጥ ብሎ ተቀምጦ 20 ደቂቃ አጥብቆ መንከስ ነው። በየሁለት ደቂቃው እያነሱ ማየት አይቻልም፤ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚያም ካልቆመ አንዴ ይደገም። ከሁለተኛው በኋላም የሚፈስ ከሆነ፣ አፍ በረጋ ደም ከተሞላ፣ አገጭ ሥር ወይም ምላስ ሥር እብጠት ከመጣ፣ ራስ ካዞረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሲሄዱ የመድኃኒቱን ካርቶንና የመጨረሻውን የአይኤንአር ወረቀት ይዘው ይሂዱ። የጉበት ሕመም ያለበት፣ ፕሌትሌቱ ዝቅ ያለ፣ ወይም ዋርፋሪንና አስፕሪንን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ግን ከመጀመሪያውም በትንሽ ክሊኒክ አይነቀል፤ ሆስፒታል፣ የሚከታተለው ሐኪም አውቆት፣ ቢቻል ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይሁን።